ሽማግሌዎቹ ቆመው የጠበቁት ድምፅ

አባቴ ድምፁን ከማጣቱ በፊት ዝም ብሎ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዕድሜውን በከባድ መኪና ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነው። ሹፌር ደግሞ መንገድ ላይ ብቻውን ስለሚውል፣ ሰው ያገኘ ቀን የተጠራቀመውን ሁሉ ያራግፈዋል። ቴሌግራም ከመጣ ወዲህማ ሰው ማግኘትም አላስፈለገውም። መጻፍ አይወድም፤ «ጣቴ ለመሪ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም» ይላል። ስለዚህ ከአዋሽ፣ ከሚሌ፣ ከጋላፊ የድምፅ መልእክት ይልክልናል።

«ውሃ መጥቶ እንደሆነ ቅዱ። የሮቶውን ክዳን ግጠሙ። ማሂ፣ ፈተናሽ እንዴት ነበር? እዚህ ሙቀቱ እንቁላል ይቀቅላል። አንድ ግመል መንገድ ዘግቶብኝ ቆሜያለሁ። አየኝ፣ አየሁት። እሱ የሚያቻኩለው ነገር የለም…» እያለ ግመሉ መንገዱን እስኪለቅ ድረስ ይቀጥላል።

እኔ ሰምቼ አጠፋዋለሁ። ስልኬም ኮምፒውተሬም ንጹሕ ሲሆን ደስ ይለኛል። ታናሽ እህቴ ማህሌት ግን አንዱንም አታጠፋም ነበር። ስልኳ ሁልጊዜ «ቦታ ሞልቷል» ይላታል፤ ፎቶ መነሣት ባማራት ቁጥር የእኛን ስልክ ትለምናለች። «የግመሉን ወሬ አጥፊውና ተገላገይ!» ስንላት፣ «የራሳችሁን አጥፉ» ብላ ትኮሳተራለች።

ከዚያ አባዬ ታመመ። ጉሮሮው ላይ የበቀለው ነገር ክፉ ሆኖ ተገኘና ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ የድምፅ ሳጥኑን አወጡት። ተርፏል፣ ተመስገን። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለ ድምፅ ይስቃል። የሚፈልገውን ስልኩ ላይ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጽፎ ያሳየናል። ገላን ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ግን ጸጥ አለ። እናቴ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ መክፈት ጀመረች፤ ዜናውን እንደማትሰማው ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ያኔ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ሲባል ያው፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ፕሮግራም መጻፍ በራሴ ጥረት ተምሬያለሁ፤ ግን ላደርገው የምችለውን ነገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የጠየቀኝ አባቴ ነው። እሱም በቀጥታ አልጠየቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማህሌት ቂሊንጦ ፋብሪካ ከሚሠራው ከደረጀ ጋር ተዋደደች፤ ደረጀም ወግ ያውቃልና ሽማግሌ ላከ። በእኛ ወግ ሽማግሌዎች ሲመጡ ቁጭ በሉ ቢባሉም አይቀመጡም። ጉዳያቸው እስኪሰማ፣ የልጅቷም አባት እስኪመልስላቸው ቆመው ነው የሚጠብቁት። ያን ቀን በአባዬ ፈንታ የመለሱት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ በቀለ ነበሩ። ጋሽ በቀለ ደግ ሰው ናቸው፤ አንደበታቸው ብቻ ፍሬን የለውም። «ወንድሜ እንደምታዩት አፍ የለውም፤ እኔ አፉ ነኝ» ብለው ጀመሩና፣ ስለ አያታችን፣ ስለ ራሳቸው የወጣትነት ዘመን፣ ስለ ልጃገረዶች የድሮ ጨዋነት ሲያወጉ ሽማግሌዎቹ እግራቸውን እየለዋወጡ ቆሙ። ማህሌትን ለማንሣት ጊዜ ስላልተረፈ በቀጠሮ ተለያዩ።

እንግዶቹ ሲወጡ አባዬ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ እያየ ነበር። አጠገቡ ስሄድ ስልኩን አሳየኝ። «ልጄን የምሰጠው በራሴ አፍ ነው» ብሎ ጽፏል። ጽፎ ለማንም ሳያሳይ እንደቆየ ከስልክ አያያዙ ገባኝ።

«በራስህ አፍ ትሰጣለህ» አልኩት።

እንዴት ብሎ አልጠየቀኝም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ገባ። እኔ በረንዳው ላይ ከገባሁት ቃል ጋር ቀረሁ።

ቃሉን ስገባ ባዶ እጄን አልነበርኩም። ቦሌ አካባቢ ጉልበታም ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ የሚሠራ ያሬድ የሚባል ጓደኛ አለኝ። «የአንድን ሰው ድምፅ በብዛት ካገኘሁ፣ የተጻፈለትን በዚያ ድምፅ የሚያነብ ነገር መሥራት እችላለሁ» ብሎኝ ያውቃል። የአባዬ ድምፅ በብዛት ያለው ማን ጋ ነው? ማህሌት ጋ። ግመሉም፣ ሮቶውም፣ ፈተናውም ሳይጎድል። ሁሉንም ወደ ላፕቶፔ ገለበጥነው። «በቃ፣ አንተ ጋ ካለ» ብላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኳ ላይ አጠፋችው። ያሬድም ቃሉን ጠብቆ፣ የአባዬን ድምፅ የተማረ አንድ ፋይል ሠርቶ ላከልኝ።

የቀረኝ ፋይሉን የሚያናግሩ ፕሮግራሞችን ላፕቶፔ ላይ መጫን ብቻ ነበር። የቀጠሮው ቀን እሑድ ከሰዓት ነው፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ አልኩ። እስከ ምሳ የሚያልቅ ሥራ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ኮምፒውተር የማይወድ አንባቢም እንዳይሸሸኝ አጭር አደርገዋለሁ። አንድ ፕሮግራም ለብቻው አይቆምም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ይፈልጋል፣ እነሱም ሌሎችን ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ከኢንተርኔት ለቅሞ አምጥቶ ቦታ ቦታው የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለ፤ ፓኬጅ ማኔጀር ይባላል። ተላላኪ በሉት። ተላላኪው ያመጣውን ሁሉ ቅጂውን ካሽ በሚባል ጓዳ ያስቀምጣል። በሌላ ቀን ያንኑ ዕቃ ሲጠይቁት ገበያ አይወጣም፤ ከጓዳው አውጥቶ ይሰጣል።

እኛ አቃቂና ቃሊቲ ያለን ፕሮግራም የምንጽፍ ልጆች ደግሞ ጓዳችን የጋራ ነው። ዳታ ውድ ስለሆነ፣ ከመካከላችን ጥሩ ኢንተርኔት ያገኘ ሰው የሚያወርደውን ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ያጠራቅማል፤ ዲስኩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «አገልግል» እንለዋለን። ቃሊቲ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ተቀጣጥሮ አገልግል መቀባበል የቆየ ልማዳችን ነው። እኔም ተቀብዬ፣ ካሹን እንዳለ ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ፣ አንድ ጠብታ ዳታ ሳላወጣ ልጨርስ ነው።

ትእዛዙን ሰጠሁ። ተላላኪው ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ አሰለፈ። ትልቁ ዕቃ ላይ ሲደርስ መስመሩ በአንዴ እስከ ጫፍ ሞላ። «እሰይ!» አልኩ። ላፕቶፑ አቃሰተ፣ ማራገቢያው ጮኸ፣ ከዚያም ፕሮግራሙ ሞተ። ሜሞሪ አልበቃኝም ብሎ ነው የሞተው።

የከፈትኩትን ሁሉ ዘጋሁ። ሞዚላውን፣ ሙዚቃውን፣ ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ። ደገምኩ። ሞላ፣ አቃሰተ፣ ሞተ። ካሹ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አጠፋሁትና፣ ዳታ እንዳይባክን ከአገልግል መልሼ ገለበጥኩት። ደገምኩ። ያው ነው። እንደገና አጠፋሁ፣ እንደገና ገለበጥኩ።

እናቴ መጋረጃ እየሰቀለች በአጠገቤ ስታልፍ፣ «ልጄ፣ ደረሰ?» ትለኛለች።

«ሊደርስ ነው።»

«ሊደርስ ነው የሚባልለት ወጥ አይደለም መቼም፤ ቁርጡን ንገረኝና ጋሽ በቀለን ልጥራ አልጥራ።»

«እንዳትጠሪ!»

አባዬ ሶፋው ላይ ሆኖ የሚለውን ስልኩ ላይ ይጽፋል። ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ መነጽሩን ይጠርጋል፣ ደግሞ ይጽፋል። አንድም ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ ምን ላይ ደረስክ አላለኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ አዲስ ስሕተት ይዞ መጣ፤ አሁን የጠበበው ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን ማከማቻው ጭምር ነው። ቦታ ሞልቷል! የእህቴ ስልክ ሲጮኸው የኖረው ጩኸት እኔ ቤት ገባ።

ምን እንደሞላው አየሁ። ሁለት ነገር ነው፤ ከአገልግል የገለበጥኩት ካሽ፣ እና የአባዬ የድምፅ መልእክቶች። ካሹ አሁን የሚያስፈልገኝ ነገር መሰለኝ። መልእክቶቹ ግን ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ያሬድ የሚፈልገውን ከእነሱ ወስዷል። እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ማህሌት ከኋላዬ። ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ፣ የገመጠችውን ቂጣ በእጇ ይዛለች።

«ቦታ የለም ማሂ። ድምፁ ተሠርቶ የለ? ጥሬው ምን ያደርግልሻል?»

ቂጣዋን አስቀመጠች። «እሱ ፋይል የምትጽፍለትን ነው የሚለው። ይሄኛው ግን አባዬ ያለው ነው።»

«የምታወሪው ስለ ግመል እኮ ነው።»

«አዎ! ስለ ግመል!» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሌላ ግመል አምጥተህ መንገድ ላይ ብታቆምለት መልሶ ሊያወራልህ ነው?»

ሶፋው ላይ አባዬ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ መሳቁን ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተኝ። እጄን ከማጥፊያው ላይ አነሣሁ። ቅዳሜ በዚህ አለቀ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ልማድ ሆኖብኝ በየመካከሉ ቀሪ ዳታዬን አያለሁ። እዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ አንድ ቪዲዮ ከፍቶ ሲዘጋ ዳታውን ሳያይ አያድርም። አየሁት፤ ምንም አልቀነሰም። ትናንት ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር እንኳ አልቀነሰም። በመጀመሪያ የኮራሁት በቁጠባዬ ነው።

ከዚያ ነው ቀስ ብሎ የገባኝ። ተላላኪዬ ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ትልቁን ዕቃ እስክደክም ድረስ ያወጣልኝ የነበረው ከዚያው ከጓዳ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሲያወርደው መብራት ሄዶበት ይሁን ኔትወርክ፣ ዕቃው ጓዳው ውስጥ በግማሹ ነው የተቀመጠው። እኔ በበኩሌ የተበላሸውን ካሽ ባጠፋሁ ቁጥር ያንኑ የተበላሸ ከአገልግል እየገለበጥኩ ስመልስ ዋልኩ። ላፕቶፔም ደካማ ስለሆነ፣ ተላላኪው ያን ግዙፍ ዕቃ ከጓዳ ሲያወጣ በአንድ ጊዜ ልሸከመው ይላል፤ ከሥሩ ይወድቃል። ሁለት በሽታ ተደራርቦ አንድ መስሎኝ ነበር።

ለያሬድ ደወልኩለት። ገና ከእንቅልፉ አልተነሣም።

«ጓዳውን አታስነካው» አለኝ እያዛጋ። «ከካሽ አታምጣ፣ ካሽ ውስጥም አታስቀምጥ በለው። ሁሉንም በአንዴ አትዘዘው፤ አንድ በአንድ ይምጡ። ትእዛዙን እጽፍልሃለሁ።»

«ታዲያ አዲስ ማውረድ ነው እኮ! በዳታ!»

«አባትህ ስንት ልጅ ነው የሚድረው?» ብሎ ዘጋብኝ።

ካሹን አጠፋሁት። የመላ ጓደኞቼ የወራት ልቅሚያ ነውና ዋናው አገልግሉ ላይ መኖሩን እያወቅሁ እንኳ ጣቴ ከበደኝ። ያ ሲጠፋ ላፕቶፑ ላይ የተለቀቀውን ቦታ ሳይ ግን አፈርኩ። ቦታውን የያዘው የአባቴ ድምፅ አልነበረም፤ ቆሻሻው ነው።

ትንንሾቹ አንድ በአንድ ገቡ። ትልቁ ጀመረ። አሁን መስመሩ በአንዴ አልሞላም፤ እንደ ጉንዳን ይሄዳል። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚወስድበት ስልኬ ኔትወርክ የሚያገኘው በረንዳው ላይ ብቻ ስለሆነ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልኩት። እናቴ «እንግዳ ሲመጣ ስልክ አጥባ ታሰጣለች ይበሉኝ» ብላ አጉረመረመች፤ ግን ገመዱን የሚነካ ሰው እንዳይኖር ዘብ የቆመችው እሷው ናት።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ጋሽ በቀለ ሳይጠሩ መጡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጉሮሮአቸውን እየጠረጉ። «ለማንኛውም ልዘጋጅ ብዬ ነው» አሉ። አባዬ ወንበር ሰጣቸውና ከወንበራቸው ፊት ለፊት ሄዶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የእኔ ዳታ አለቀ። መስመሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

«ማሂ!» ብዬ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። በወጋችን የምትጠየቀዋ ልጅ እንግዳ ፊት አትቀርብም፤ ሽክ ብላ ለብሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። «ሆትስፖት ክፈቺልኝ። ኔትወርኩ እንዲይዝ መስኮቱ ጋ ያዢው።»

«በስንት ሰዓት ይመጣሉ?»

«መጥተዋል። ደረጃው ላይ ናቸው።»

እህቴ በሐበሻ ቀሚሷ አልጋው ላይ ወጥታ፣ እጇን በመስኮት አውጥታ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘረጋች። መስመሩ ተንቀሳቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ፊታውራሪያቸው ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ የአቃቂ የጥንት ነዋሪ፣ የደረጀ ጎረቤት። ለካ እሳቸውም በጉብዝናቸው በጅቡቲ መስመር ነድተዋል፤ ባለፈው ሲመጡ አባዬን እንዳዩት አቅፈውት ነበር።

«ቁጭ በሉ» አለች እናቴ።

«ጥያቄያችን ሳይመለስማ አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ገመቹ። ተሰልፈው ቆሙ። «የዛሬ ቀጠሯችንን አክብረን መጥተናል። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለናል። መልሳችሁን እንሰማለን።»

ጋሽ በቀለ ተነሡ። «እንግዲህ…» ሲሉ አባዬ እጁን አነሣ። በትራፊክ ፖሊስ እጅ አነሣስ። ጋሽ በቀለ አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

መጫኑ አልቋል። የአባዬን ጽሑፍ ከስልኩ ወስጄ ለፕሮግራሙ ሰጠሁትና ተናገር አልኩት። ማራገቢያው ጮኸ። ጠበቅን። ማያው ላይ ያ የማውቀው ስሕተት ተጻፈ፤ ሜሞሪ አልበቃም።

ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከዘራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዞሩ። አባዬ እያየኝ ነው፤ ፊቱ ላይ ተስፋ መቁረጥ ሲጀምር አየሁት፤ ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እሱ ነው እኔን የሚያጽናናኝ!

የጻፈውን አየሁት። መጻፍ የማይወደው አባቴ ከሰላምታ እስከ ምርቃት፣ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመበትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጽፎታል። ላፕቶፔ ይህን ሁሉ በአንዴ ሊሸከም ነው። ያሬድ «አንድ በአንድ» ያለው ለተላላኪው ብቻ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቆርጬ ሰጠሁት።

«እንደምን ዋላችሁ። ታደሰ ነኝ።»

የአባቴ ድምፅ ነው። ጎርነን ያለው፣ አቧራና ሲጋራ የቀመሰው፣ «ታደሰ» ሲል «ደ»ን የሚጫነው ድምፅ። እናቴ በረንዳው በር ላይ ግድግዳ ያዘች። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዋቃዮ!» አሉ። «ታዴ! አንተ ነህ!»

ሁለተኛዋን ሰጠሁ። ላፕቶፑ ለእያንዳንዷ መስመር ያስባል፤ ያ ማሰቢያ ጊዜ ያስጨነቀኝ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ለካ ሽማግሌ ፊት የሚነገር ነገር ድሮም የሚነገረው ቆም እየተባለ ነው። በየመካከሉ እነሱ ይሞሉታል።

«ልጄ ማህሌት የመንገዴ ጓደኛ ናት።»

«እንዴታ!»

«በረሃ ላይ ብቻዬን ሳወራ የሰማችኝ እሷ ናት።»

«እሰይ!»

«ጠይቄያታለሁ። ትወደዋለች።»

ጋሽ በቀለ ሳይታወቃቸው «ጎሽ» አሉ።

«እኔም ልጄን ሰጥቻለሁ። በራሴ አፍ።»

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከላይኛው ፎቅ ያሉ ጎረቤቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ማህሌት በወጉ መውጣት የለባትም፤ ወጣች። ባዶ እግሯን፣ ስልኳን እንደጨበጠች፣ እንግዶቹን አልፋ ሄዳ አባዬ እግር ሥር ተንበረከከች። እሱ ፀጉሯን እየዳበሰ በዓይኑ «ቀጥል» አለኝ። አንድ መስመር ነበር የቀረው ከምርቃቱ በፊት።

«በሉ አሁን ተቀመጡ። እግራችሁን አሳርፉ፤ የምትመለሱት እሱን ነድታችሁ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ተቀመጡ። ምርቃቱን ያኔ ነው የሰማነው፤ እያንዳንዷ መስመር ወጥታ ላፕቶፑ ቀጣዩን ሲያሰናዳ «አሜን» እየተባለ። ጋሽ በቀለ ከሁሉም ጮክ ብለው ነበር አሜን የሚሉት፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ሲወጡ ጆሮዬ ላይ «ድምፁ ናፍቆኝ ነው እኮ እኔ እንዲያ የማወራው» አሉኝ። ስለ እሳቸው የነበረኝን ሐሳብ ሁሉ ያን ቀን አስተካከልኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያ እሑድ እኔን ከፕሪንተር አላቀቀኝ። ወሬው ብሎክ ለብሎክ ሲዞር፣ አንዲት እናት ልጃቸው በአደጋ አንደበቱ ስለተያዘበት መጡ፤ ከዚያ ሌሎችም። ዛሬ ከያሬድ ጋር የምንሠራው ይህንኑ ነው። ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የተቀመጠ ድምፅ አላችሁ?» ብዙዎቹ ይተክዛሉ። አጥፍተነዋል ይላሉ፤ ቦታ ሞልቶ። ስለዚህ ከእኔ ምክር ከወሰዳችሁ፣ ጓዳችሁን አጽዱ፤ ቁጠባ እየመሰላችሁ የተበላሸውን መልሳችሁ መላልሳችሁ አታስገቡ። ግን ከማጥፋታችሁ በፊት ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ በደንብ እዩት። ስለ ሮቶ ክዳን የሚያወራ አባት ካላችሁ እሱን ተዉት፣ ይቀመጥ።

አባዬ አሁን በማሽኑ ሲያወራ ይውላል። እናቴ ሬዲዮውን ዘግታዋለች። «ኧረ ይኼን ሰውዬ ዝም አስብሉልኝ» ትላለች፤ ከልቧ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል።

ማህሌት ተሞሽራ ቂሊንጦ ወደ አዲሱ ቤቷ በሄደች ማግስት ደወለችልኝ።

«ስልኬ ቦታ ሞላብኝ» አለችኝ።

«ምን አዲስ ነገር አለው?»

«አባዬ በማሽኑ መልእክት ልኮልኝ አላወርድ አለኝ። ስለዚህ የሠርጉን ፎቶዎች አጠፋሁ።»

«የሠርግሽን ፎቶ! አብደሻል? ምን ቢልሽ ነው?»

«ውሃ መጥቶ እንደሆነ ቅጂ፣ ክዳኑን ግጠሚ ነው የሚለው።»

«ማሂ፣ ያ እኮ ማሽኑ ነው። የጻፉለትን ነው የሚለው ያልሽው ራስሽ ነሽ።»

ከጀርባዋ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል።

«አይ» አለችኝ፤ «ይሄም አባዬ ያለው ነው።»